የኖራው ጥያቄ

ሰኞ

ኖራው አልሞቀም። ተማሪው ሁሉ ጣሳውን ከብቦ ቆሞ፣ እኔ ውሃውን ጨመርኩ፣ ምንም የለም። ቀዝቃዛ ጭቃ። ከኋላ አንዱ «ቲቸር፣ ሙቀት ሰጪው ኤክሶተርሚክ አድማ መታ» አለና ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። አድማ የሚባል ቃል በዚህ ዘመን አያስቅም። ሄጄ በሩን ዘጋሁት።

እኔ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። የአስረኛ ክፍል ኬሚስትሪ የባሌ የግርማ ነበር። ከወሰዱት ስድስት ወር ሆነው፤ ለምን እንደወሰዱት የነገረን የለም። ክፍሉን «ለጊዜው» ብለው ለእኔ ሰጡኝ፣ የማስተምረውም ከእሱ ደብተር ነው። ደብተሩ «ኖራ በውሃ፤ ሙቀት ይሰጣል፤ እጃቸውን እንዳያቃጥሉ» ይላል። ምን ዓይነት ኖራ እንደሆነ አልጻፈም። ለራሱ ነዋ የጻፈው። እኔ እንደማነበው በምን ያውቃል?

ማክሰኞ

ዛሬ ተቃራኒውን፣ ሙቀት የሚወስደውን አሳየሁ። የሎሚ ጭማቂ ላይ የመጋገሪያ ሶዳ። አረፋው ገነፈለ፣ ቴርሞሜትሩ ወረደ። ተሳካ፤ ተመስገን።

ፍሬሕይወት የምትባለው ጎበዟ ተማሪ ብርጭቆውን ጉንጯ ላይ አስነክታ «ሙቀቱ የት ሄደ?» አለችኝ። አዲሱ ነገር ሲሠራ ወደ ውስጥ ወሰደው አልኳት። አልረካችም። «ቲቸር ግርማ ቢሆን…» ብላ ጀመረችና ብርጭቆውን መለሰችልኝ። ግርማ ቢሆን ጠመኔውን ጆሮው ላይ ሰክቶ ጥያቄውን መልሶ ለእሷ ይሰጣት ነበር። ናፈቀኝ። እዚያው ክፍል ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ።

የነገ ስንቅ፦ ድርቆሽ፣ ምስር ወጥ፣ ሁለት ብርቱካን፣ የታጠበ ካናቴራ።

ረቡዕና እሑድ እስር ቤቱ ድረስ ስንቅ እናደርሳለን። ድሮ ሳህኑ ሲመለስ የሚፈልገውን ዕቃ በብጣሽ ወረቀት ዘርዝሮ ይልክ ነበር። ከዕቃ ዝርዝር ሌላ አይፈቀድም፤ ቢሆንም የእጁ ጽሕፈት ነው፣ ይበቃኝ ነበር። ይኸው ሦስት ሳምንት ወረቀት የለም። ሳህኑ ግን ባዶውን ይመለሳል። እናቱ እትዬ ዘነበች «ዘበኞቹ እየበሉት ቢሆንስ? ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አሉኝ። ድርቆሹን መቋጠሬን ቀጠልኩ። እሱ በሕይወት ባይኖርም ሳህኑ ባዶውን ሊመለስ ይችላል። ይህን ሁለታችንም እናውቃለን፤ አንዳችንም አናወጣውም።

ረቡዕ

ዛሬ የሠራሁትን ለእትዬ ዘነበች አልነገርኳቸውም። እኛም የላክነውን ዘርዝረን እንጽፋለን። ከብርቱካኑ በታች እንዲህ ብዬ ጨመርኩ፦ «ኖራ ውሃ ሲነካው አልሞቀም። ለምን?» እሱ ካለ ይመልሳል። የግርማን አመላለስ ደግሞ ከሺህ ሰው እለየዋለሁ።

በሩ ላይ ያለው ዘበኛ ጠና ያለ ሰው ነው። ወረቀቱን ሁለቴ አነበበው።

«ይሄ ምንድነው?»

«የአስረኛ ክፍል ትምህርት ነው። እሱ ነበር የሚያስተምረው፤ አሁን እኔ ነኝ፣ አቃተኝ።»

«የኔም ልጅ አስረኛ ናት» አለ። ወረቀቱን አልቀደደውም። ከሰዓት በኋላ ሳህኑ ባዶውን ተመለሰ። ወረቀት የለም።

ሐሙስ

ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ኖራ ሻጩ ጋ ተመልሼ ሄድኩ። ቀበሌው አጥር ሁሉ ነጭ ይቀባ ስላለ ኖራ እንደ ጉድ ይሸጣል። ሁሉም ዱቄት ነው፣ ያው ያልሞቀልኝ ዓይነት። ባዶ እጄን ወደ እሪ በከንቱ፣ ወደ ቤቴ ወረድኩ።

መንገድ ላይ አንድ ሐሳብ መጣብኝና አለቀቀኝም። በዚያች ጥያቄ ምክንያት ቢቀጡትስ? ምን ነካኝ?

ዓርብ

ስብሰባ፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ። አጨበጨብኩ።

ስመለስ ፒያሳ፣ ከእሱ ጋር ማኪያቶ የምንጠጣበት ቤት በር ላይ ቆምኩ። ባንኮኒው አጠገብ፣ በእኛ ቦታ፣ ሁለት ሰዎች ተቀምጠው ይሳሳቃሉ። ጠላኋቸው። ምን አደረጉኝ? ምንም። ሳልገባ አለፍኩ።

እሑድ

ወረቀት መጣ።

«ሳሙና። ካልሲ። ሹራብ። ኖራውን ድንጋዩን ግዢ፣ ዱቄቱን ተዪው፤ ዱቄቱ ውሃውን ጠጥቶ ጨርሷል። ተማሪዎቹ መጀመሪያ ይገምቱ።»

እትዬ ዘነበች ማንበብ አይችሉም። አነበብኩላቸው። «እሱ ነው?» አሉኝ። «እሱ ነው» አልኳቸው። እዚያው በሩ ፊት መሬት ላይ ተቀምጠው አለቀሱ፤ እኔም አብሬ። «መጀመሪያ ይገምቱ» ከግርማ ሌላ ማን ይላል?

አንድ ነገር ግን ደበቅኳቸው። ጽሕፈቱ የግርማ አይደለም። የግርማ ፊደል የተጣደፈና ወደ ቀኝ ያዘነበለ ነው። ይሄኛው ክብ ክብ ነው፣ ረጋ ያለ። ሌላ ሰው ነው የጻፈለት፣ እሱ እየነገረው።

ሰኞ

ጠዋት ኖራ ሻጩን ድንጋዩን ጠየቅኩት። «እሱማ ጓሮ ሞልቷል፤ ቀድመው ቢጠይቁኝ ምን ነበረበት?» አለኝ።

መጀመሪያ አስገመትኳቸው። አብዛኞቹ «አይሞቅም» አሉ፣ ባለፈው የደረሰብኝን አይተው። ውሃውን ስጨምር ድንጋዩ ተንሾካሾከ፣ ተሰነጠቀ፣ ጣሳው እንፋሎት በእንፋሎት ሆነ። ፍሬሕይወት ጣሳውን በጣቷ ነካ አድርጋ ሳበች። ከዚያ ለምን ያኛው ሳይሞቅ ይሄኛው እንደሞቀ ራሷ ለክፍሉ አስረዳች። አጨበጨቡላት። እኔም፣ የዓርቡን ዓይነት ያልሆነ ጭብጨባ።

ቤት ገብቼ ሹራብ ልመርጥ ሳጥኑን ከፈትኩ። እትዬ ዘነበች የሚወደውን ሰማያዊውን አውጥተው ሰጡኝ። መልሼ አስቀመጥኩትና የአባቱን አሮጌውን አጠፍኩ።

«ምነው፣ ይሄ እኮ ይሰፋዋል» አሉኝ።

«ይሁን፣ ይሻለዋል» አልኳቸው። የሰማያዊው እጅጌ ጠባብ ነው። ቀኝ እጁ በፋሻ ተጠቅልሎ ከሆነ አያስገባውም።