የክንዴ ሽቦና ያንቺ መርፌ

ለውድ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ እማዬ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጪ ትንፋሽሽ አሁንም ይቆራረጣል? የአባዬስ ሳል ለቀቀው ወይስ ዛሬም ቤቱን ያናጋል? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ።

እህቴ ደውላ ጉድሽን ነገረችኝ። «ልጄ ደም ውስጥ ገብቶ መድኃኒት የሚለካ ሽቦ እየሠራች ነው፤ እሱ እስኪመጣ ማንም አይወጋኝም» ብለሽ የልብ መድኃኒትሽ የሚለካበትን የደም ምርመራ ትተሻል አሉ። ሳቅሁም፣ ደነገጥሁም። በስልክ እንዳልመክርሽ፣ ነገሩ ካላማረሽ ስልኩን ለአባዬ ታቀብይብኛለሽ። ደብዳቤ ከሆነ ግን እስከ መጨረሻው እንደምታነቢው አውቃለሁ።

መጀመሪያ ስለ ሽቦው ልንገርሽ፤ ሳልነግርሽ እንቅልፍም አይወስደኝ። ከፀጉር የቀጠነ የወርቅ ሽቦ ነው። ወርቅ ስልሽ እንዳትጓጊ፣ ለአንድ ጆሮ ጉትቻ እንኳ አይበቃም። የእኔ ሥራ ሽቦውን ፈሳሽ ውስጥ እየነከርኩ በዓይን የማይታዩ ክሮች ላዩ ላይ ማጣበቅ ነው። ክሩ መድኃኒቱን ደም ውስጥ ሲያገኝ ይታጠፋል፣ ሲለቀው ይዘረጋል። ያኔ በሽቦው የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ይለዋወጣል፤ እኛም ያንን ከኮምፒውተር ላይ እናነባለን። ኤሌክትሪኩ ትንኝ እንኳ አይነዝርም።

ባለፈው ሳምንት በፈቃዴ በራሴ ክንድ ተሞከረ። አትቆጪኝ፣ ሙከራውን የምትከታተለው ሐኪም ከአጠገቤ አልተለየችም። ጉዳት የሌለው ክኒን ዋጥኩና ስክሪኑ ላይ ዓይኔን ተከልኩ። መጀመሪያ ምንም የለም፤ ቆይቶ መስመሩ ቀስ እያለ ሽቅብ መውጣት ጀመረ። እማዬ፣ የዋጥኩት ነገር ደሜ ውስጥ ሲገባ በዓይኔ በብረቱ አየሁት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ደም ግን ከጆሮም የባሰ ባዳ ኖሯል። ይህን ሁሉ ዘመን ውስጤ ሲዞር ምን እንደያዘ አንድ ቀን ጠይቄው አላውቅም። ውሃ ብጠጣስ? ብሮጥስ? ትንሽ ብተኛስ? እያልኩ ሐኪሟን አሰለቸኋት።

ከምሳ በኋላ መስመሩ ቁልቁል ወረደ። አለቃችን «ኩላሊቷ ጠርጎ አወጣው» ብሎ አጨበጨበ፣ እኛም ተከተልነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይኸው ነው። ሐኪሟ ግን በመርፌ ደም ቀዳችና አስመረመረች፤ መድኃኒቱ እንዳለ አለ። ለካስ የደከመው ሽቦው ነው። ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ነገር እንደሚጋገረው፣ ከደሜ የወጣ ነገር ሽቦውን ሸፍኖ ክሮቹን አፍኗቸዋል። አሁን ሁላችንም የምናወራው ይህን ሽፋን እንዴት እንደምንከላከል ነው። ደስ የሚል ራስ ምታት ሆኖብኛል።

ግን ያ መስመር ያንቺ ቢሆንስ? የልብሽ መድኃኒት ሲያንስ አይረዳሽ፣ ሲበዛ መርዝ ነው። ሽቦውን አምነው «አንሷል» ብለው ቢጨምሩልሽ ምን ይውጠኝ ነበር? ስህተታችንን ያጋለጠው አንቺ የምትሸሺው መርፌ ነው። በእኔ ሥራ ተመክተሽ አንድ ነገር እንዳትሆኚ ፈርቻለሁ፣ እውነቴን ነው። ሽቦው ገና ብዙ ዓመት ይቀረዋል። ሰኞ ጠዋት ከእህቴ ጋር ሄደሽ ደም ስጪ።

አባዬን ጉልበቱን ሳሚልኝ። እህቴን ስለደወለችልኝ አመሰግናታለሁ፤ እንቢ ካልሽ እጅሽን ይዛ እንድትወስድሽ አደራ ብያታለሁ። ለወንድሜ ጢሙን ይላጭ በይልኝ። የእህቴን ልጅ ሚጢጢን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሚልኝ።

እማዬ፣ ሽቦ ቢበላሽብኝ ሌላ እሠራለሁ። እናት ግን ከየት አመጣለሁ?

የምትወድሽ ልጅሽ
ከኪራይ ክፍሌ፣ ጥቅምት 19 ቀን