ጨው የላሰ በሬ

ደብረ ታቦር፣ እሑድ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለመልካሙ፣

እንዴት ሰነበትህ? እኛ ደህና ነን። እናትህ ጉልበቷን ትንሽ ያማታል፣ ገብሱ ታጭዶ ገብቷል። ሰላምታዬ ያጠረው ተቆጥቼ ስለሆነ ነው። በስልክ እንዳልነግርህ «ኔትወርክ የለም» ብለህ ትዘጋብኛለህ፤ ወረቀት ግን አይዘጋም። ሬድዋን ሾፌሩ ነገ ወደ አዲስ አበባ ስለሚሄድ በእጅህ እንዲሰጥህ አደራ ብዬዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ደውለህ ያልኸኝን አልረሳሁትም። «ሰፌድ» የሚባለው የኢንተርኔት ገበያ አክሲዮን፣ አንተ አንዱን በሺህ ብር የገዛኸው፣ ዛሬ ዘጠኝ ሺህ ገብቷል አልኸኝ። ደስ አለኝ። ቀጥለህ ግን ድምፅህን ዝቅ አድርገህ «አባዬ፣ ዋጋው ንፋስ ነው፤ ሳይተነፍስ ልሽጠው። አንተን እዚያ ሰው ያምንሃልና ገዥ ፈልግልኝ» አልኸኝ። ነገሩ ቶሎ አልገባኝም፣ እሺ ብዬ ዘጋሁ። ያን እሺታዬን ዛሬ መልሼ ወስጃለሁ።

የሚካኤል ዕለት ማኅበሩ በመምህር ደረጄ ቤት ነበር። ጸበል ጻዲቁ ሳይቀመስ ወሬው ሁሉ ሰፌድ ሆነ። ባለፈው ወር ስለ ማዳበሪያ ሲያማርር የነበረ ሰው ሁሉ ጣሳውን ጨብጦ «ዛሬስ ስንት ገባ?» ይባባላል። ከገሳይ የመጣው እንግዳ እንኳ የባሕር ዛፉን ሸጦ ሊገዛ ቆርጧል። ሰፌድ ለገሳይ ሰው አንዲት መርፌ አድርሶ አያውቅም! ጠላው አፌ ላይ መረረኝና «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷን የማላይ» አልሁ።

መምህር ደረጄ ሳቀብኝ። «አያ ሙላቴ፣ አንቱ ጥጃ ሲገዙ የሚከፍሉት ለዛሬው ሥጋ ነው? ነገ ለሚወጣው በሬ አይደለም? ሰፌድም ጥጃ ነው። ነገ አገሩ ሁሉ በስልኩ ይገበያያል።»

ደህና አድርጎ ተናገረ፣ አልዋሽም። እኔም «ጥጃ ከሆነ ስድስት ዓመት ጠብቶ አንድ ቀን ያላረሰ ጥጃ ነው። እስካሁን ትርፍ የለውም ብለህ ያነበብህልን ራስህ ነህ። ዋጋው የወጣው በሬው ስለሰባ ነው ወይስ ገዥው ስለበዛ?» አልሁት።

«ገዥ የሚበዛውስ ያየው ነገር ቢኖር አይደል?»

እንዲህ ስንከራከር ዋልን፣ አልተሸናነፍንም። ደረጄ ግን የሚናገረውን ያምናል፤ የገዛ ደመወዙን አስገብቶበታል። ሊሳሳት ይችላል፣ እኔም ልሳሳት እችላለሁ። አንተ ግን ንፋስ ነው ብለህ እያመንህ ለሰው ልትሸጥ ተነሣህ። የሚያንገሸግሸኝ ይህ ነው። መክሰር ነውር የለበትም። አውቆ ኪሳራን ለሰው ማሸከም ግን ትፍ! ከየት ተማርኸው እያልሁ ሁለት ቀን ሰነበትሁ።

ትናንት ደግሞ ከገበያ መልስ የሺ መጣች፣ የጎረቤታችን የደምሴ ባለቤት፣ እሱ ካረፈ ወዲህ ሁለት በሬዎቿ የሚያኖሯት ሴት። እኔ ብዘገይብህ አንተው ራስህ ደውለህላታል!

«በሬዎቼን ሸጬ ልገዛው ነው» አለችኝ። «የአንቱ ልጅ አይዋሸኝም ብዬ። ግን አንቱን ሳልጠይቅ ከበረት አላወጣቸውም።»

ቁጭ በይ አልኋት። ምን እንደመለስሁላት ከመጻፌ በፊት አንድ ነገር ልንገርህ፤ ለእናትህም እንኳ ነግሬያት አላውቅም።

ዩኒቨርሲቲ የገባህ ዓመት መላኪያህ ቸግሮኝ ነበር። ከበለሳ አንድ ከሲታ በሬ በርካሽ ገዛሁ። የገበያው ዕለት ጠዋት ጨው አስልሼ፣ ጥሙ ሲጸናበት ውሃ እስኪበቃው አጠጥቼ እብናት የከብት ተራ አቆምሁት። ሆዱ ተነፍቶ ጎድኑ ጠፋ። ነጋዴው ሁሉ ይህን ተንኮል ስለሚያውቀው እያየ አለፈኝ። እኔም የማያውቅ እስኪመጣ ጠበቅሁ። የመጣው ደምሴ ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና። አንድ ጊዜ ሽንጡን ዳበስ አደረገና «ከሙላቴ ስገዛ ምን እመረምራለሁ» ብሎ ከፈለኝ። በማግስቱ ውሃው ሲወጣ በሬው አጥንቱ ቀረ፤ ለእርሻ ሳይደርስ ሞተ። አንተ በዚያ ብር ሻንጣህን ይዘህ ሄድህ።

ዘር ከልጓም ይስባል ይላሉ። በስልኩ ድምፅህን ዝቅ ስታደርግ የሰማሁት የራሴን ድምፅ ኖሯል። ከየት ተማርኸው ማለቴ አሁን ያሳፍረኛል።

ለየሺ ሁሉን ነገርኋት፣ ጨውንም ውሃውንም። ቀና ብዬ ፊቷን ማየት ፈራሁ።

«አውቃለሁ እኮ፣ አያ ሙላቴ» አለችኝ። «ደምሴ በማግስቱ አውቆታል። ሽማግሌ ፊት ላቁመው ቢለኝ፣ ተው አልሁት። ልጁን ሊያስተምርበት ነው፣ ከሰፈራችን አንድ እንኳ ይማር አልሁት።»

ያን ዓመት በሬ አጥተው መሬታቸውን ለሰው ሰጥተው እንዳሳረሱ አስታውሳለሁ። አንተ በዓመቱ ለእረፍት ስትመጣ ዶሮ አሳርዳ የጠራችህ እሷ ነበረች። እኔም አብሬህ ሄጄ በላሁ። እንዲህ ያለ ሰው ነኝ።

የሺም «ይኸኛውስ? የልጅዎ በሬ የሰባ ነው ወይስ የጠጣ?» ስትል ጠየቀችኝ።

«እሱን ከራሱ አፍ ስሚው፤ እስከዚያ በሬዎችሽን እንዳታወጪ» አልኋት። ልጄን በሰው ፊት ማዋረድ አቃተኝና ነው። ዋሽተህ ብትሸጥላት ግን እኔው ራሴ ቤቷ ሄጄ እነግራታለሁ።

እናትህ ፈንታነሽ በርበሬ ልካልሃለች፤ ጾሙ ነገ ይገባልና በሽሮ ብላበት። ሚካኤል ከክፉ ሁሉ ይጠብቅህ፤ እኔን ሳይጠብቀኝ ከቀረው ነገር ጭምር።

የሺ ረቡዕ ከሰዓት ትደውልልሃለች። ስልኩን አንሳላት፤ ያስተማረችህ እሷ ናት።

አባትህ
ሙላቴ