ቀዩን ለኋላ

ወረታ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

አንተ ሰውመሆን፣ ወንድምዓለሜ! ይህን ሳትጨርስ ሌላ ሥራ እንዳትነካ።

እኛ ደህና ነን። ሩዙ ገብቷል። አባባ ጉሮሯቸውን ከተቀደዱ ወዲህ በሹክሹክታ ነው የሚያወሩት፤ ይህን ታውቃለህ።

ያ ድምፅና ምስል የሚቆርጥ፣ የሚቀጥል ሶፍትዌራችሁ፣ መመሪያውን የጻፍከው አንተ ነህ አይደል? የርእሶቹ ደረጃ፣ ዋናው ከንኡሱ ተዘበራርቆ ባየው አስተካክዬ ላክሁልህ። አንተ ግን "መልክ ማሳመር ነው" ብለህ ሰው ሁሉ እርማት በሚልክበትና በሚያየው ገጽ ላይ ሳትቀበል ዘጋኸው። መብራት በመጣ በሄደ ቁጥር እየተነሳሁ ኮድ ለራሴ ያስተማርሁት መልክ ላሳምርልህ ነው?

ንብረትን ታስታውሰዋለህ፣ ዓይነ ስውሩን የአባባን ተማሪ። እሱ ገጽ አያይም፤ ኮምፒውተሩ ያነብለታል፣ ከሁለተኛ ደረጃ ርእስ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ርእስ እየዘለለ ነው የሚሄድ። "መጀመሪያ ዋናውን ፋይል ለብቻ አስቀምጥ" የሚለውን ማስጠንቀቂያ አንተ አምስተኛ ደረጃ ላይ ወሽቀኸዋል። ዘለለው። የአባባን ዜማ ከጫጫታ ሊያጠራ ትእዛዙን ሲሰጥ አዲሱ ፋይል በዋናው ላይ ተጻፈበት፤ ቢከፍተው ባዶ። አባባ ሳይታመሙ ጣራ ገዳም የቀዳነው ዜማቸው ነበር። ሌላ ቅጂ የለውም።

ንብረት "የየኔታን ድምፅ ያጠፋሁ እኔ ነኝ" እያለ እህል አልቀምስ ብሎ ሰነበተ። ሁለት ዜማ ቀርቷል፣ ጫጫታው ሳይጠራ። ያ መመሪያ ካልተስተካከለ እጄን አላሳርፍበትም ብሏል። ይፈረድበታል?

ለአባባ ነገርኋቸው። ሳቅ ብለው "እሱ ድሮም ቀዩን ለኋላ ይተወው ነበር" አሉ። ቀለም በጥባጯ እኔ ነበርሁ፣ መች ይጠፋኛል! ብራናው ላይ ጥቁሩን ጽፈህ ትጨርስና፣ ለርእሱ ቀይ ቀለም ክፍት ቦታ ትተህ ትረሳዋለህ። አባባም ተማሪው ሁሉ ፊት አቁመው "ይኼ ባዶ ምን ይላል? አንብበው" ይሉሃል።

ከዚያ "ደውሎ ነበር?" አሉኝ። መሸሸግ አላውቅበትም፣ ሩዙን ላይ ብዬ ወጣሁ።

የአባባ ጸሎት አይለይህ፣ የሰው አገር ብርድ አያግኝህ።

በስልክ ይቅርታ እንዳትልክልኝ፣ አላነበውም። በዘጋኸው ገጽ ላይ፣ በስምህ፣ ሰው ሁሉ እያየ መልስ፤ ያ ባዶ ምን ይላል?

እህትህ ሠርካለም