የዶክተር ኦርፋ ሬንፍሮ ስትራውድ የሕይወት ታሪክ፦ ስማቸው ከጥናታቸው የተፋቀባቸው ሐኪም

ዶክተር ኦርፋ ሬንፍሮ ስትራውድ ከአባታቸው ከአቶ ኢራ ሬንፍሮና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሃቲ ክላርዲ፣ በሰሜን ሚዙሪ ከቤለር ሚል ከተማ ስምንት ማይል ርቆ በሚገኝ የበቆሎ እርሻ ላይ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1936 ተወለዱ።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳሉ አባታቸው ከድርቆሽ ማማ ወድቀው ወገባቸው ተጎዳ። ያገሩ የኦስቲዮፓቲ ሐኪም ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስተኝተው፣ አጥንትና ጡንቻውን በእጃቸው እየዳሰሱ ሦስት ሳምንት አከሟቸው። አቶ ኢራም ቆመው ሄዱ። ሰው ሁሉ ተአምር ሲል፣ ዶክተር ኦርፋ ካደጉ በኋላ «እጁ ይሁን እረፍቱ ያዳነው፣ ማን ለካው?» ይሉ ነበር። የሕይወታቸው ሥራ ከዚህ ጥያቄ ተነሣ።

በከተማው የኦስቲዮፓቲ ሕክምና ኮሌጅ ገብተው እ.ኤ.አ. በ1962 ተመረቁ። ከክፍሉ ሴቶቹ ሦስት ብቻ ነበሩ። ተማሪ ሳሉ እ.ኤ.አ. በ1960 የትምህርት ቤት ማርሽ ባንድ መምህር የነበሩትን አቶ መርል ስትራውድን አግብተው ናዲንንና ከርቲስን ወለዱ። ከ1968 ጀምሮ በዚያው ኮሌጅ ተማሪዎችንና በሥልጠና ላይ ያሉ ሬዚደንት ሐኪሞችን አስተማሩ፤ የተግባር ፈተናም ፈተኑ።

እ.ኤ.አ. በ1974 ሎዌል ክሪንግ የሚባል ተማሪ ወደ ቤታቸው መምጣት ጀመረ። አባትና እናቱ የሞቱበት ነበር። እሑድ እሑድ ከልጆቻቸው ጋር ከአንድ ማዕድ የተጠበሰ ዶሮና የተፈጨ ድንች ይበላ ነበር። ሲመረቅ የመጀመሪያ ነጭ ጋውኑን የገዙለት እሳቸው ናቸው። ሬዚደንትነቱን ሲጨርስም የጥናታቸው ረዳት አደረጉት።

ጥናቱ ይህ ነበር። ከ1979 ጀምሮ ተማሪዎችና ሬዚደንቶች በሽተኛ ሲዳስሱ ፊታቸው ሳይታይ፣ እጃቸው ብቻ እየታየ በቪዲዮ ፊልም ተቀረጸ። ከዚያ ሰባት መምህራን ያንኑ ፊልም ለየብቻ አይተው ማርክ ሰጡ፤ ከጊዜ በኋላም ሳይነገራቸው ደግመው እንዲያዩት ተደረገ። ውጤቱ አስደነገጣቸው። ከሦስት ፊልም በአንዱ፣ ያው መምህር ያንኑ እጅ አንዴ አሳልፎ፣ ሌላ ጊዜ ጥሎት ተገኘ።

ከሰባቱ አንዷ ራሳቸው ነበሩ። «ይሄ ጥሩ ሐኪም ይወጣዋል» ብለው ከፍተኛ ማርክ የሰጡት እጅ፣ እ.ኤ.አ. በ1981 እሳቸው ጥለውት ከኮሌጁ የተባረረው የዌንዴል ሳፒንግተን እጅ ሆኖ ተገኘ። በዚያ ቀን ቤት ገብተው ኮታቸውን ሳያወልቁ ለባለቤታቸው «መርል፣ የሰው ልጅ ሕይወት አበላሽቻለሁ» አሉ። በዚያ የተግባር ፈተና ወድቀው የተባረሩት ተማሪዎች አሥራ አንድ ነበሩ። ጥናቱ እንዲታተም፣ አሥራ አንዱም ተጠርተው እንደገና እንዲፈተኑ ቆረጡ። ሌሎቹ ስድስት መምህራንም በሐሳቡ ተስማምተው ፈረሙ።

እ.ኤ.አ. በ1988 ጥናቱ ቺካጎ በሚደረግ ጉባኤ ሊቀርብ ሲል አቶ መርል የልብ ቀዶ ሕክምና ሊደረግላቸው ሆነ። ዶክተር ኦርፋ ጽሑፉን ለዶክተር ክሪንግ ሰጡት። «አይዞዎት፣ እንደ ራሴ አድርጌ ነው የማቀርበው» አላቸው። ቃሉን ጠበቀ፤ እንደ ራሱ አድርጎ አቀረበው። ፈተናው እንከን እንደሌለበት የሚያስመስለው ክፍል ብቻ ቀረበ፤ የተለዋወጡት ማርኮች ወጡ። የአጥኚው ስም ሎዌል ክሪንግ ሆነ። የዶክተር ኦርፋ ስም በመጨረሻው ገጽ ምስጋና ላይ «በጽሕፈት ሥራ ለተባበሩ» ከሚለው ሥር ተገኘ። ፊልሞቹም «ለሌላ ሥራ ተፈልገዋል» ተብሎ ተደምስሰው ነበር።

በመምህራን ስብሰባ ላይ ተነሥተው «ሎዌል፣ ልጆቹስ? አሥራ አንዱ ልጆችስ?» ብለው ጠየቁት። ዶክተር ክሪንግ ወደ ዲኑ ዞሮ፣ «ዶክተር ስትራውድ በባለቤታቸው ሕመም በጣም ደክመዋል። እረፍት ቢሰጣቸው ጥሩ ነው» አለ። የፈረሙት ስድስቱ መምህራን ጠረጴዛ ጠረጴዛውን አዩ። አንድም ሰው አልተናገረም። ዶክተር ኦርፋ ከክሪንግ ክህደት ይልቅ ያ ዝምታ እንደ ቆረጣቸው ለልጃቸው ለናዲን ነግረዋታል። እ.ኤ.አ. በ1989 ኮሌጁን ለቀቁ። ዶክተር ክሪንግ ምክትል ዲን ሆነ።

በከተማው አሮጌ የጫማ መደብር ውስጥ ክሊኒክ ከፍተው ሃያ ዓመት ሠሩ። ለአሥራ አንዱም በእጅ ጽሑፋቸው፣ «ጥፋቱ የፈተናው ነበር። አንተን ግን የጣልኩህ እኔ ነኝ» እያሉ ጻፉ፤ ሌላ መምህር ለጣላቸው የመጀመሪያውን ቃል ብቻ ጻፉ። ከአሥራ አንዱ ስድስቱ መልስ አልጻፉም። ዌንዴል ሳፒንግተን በአካል መጣ። ያኔ የእህል ጎተራ ሠራተኛ ነበር። ክሊኒኩ በር ላይ ቆሞ፣ «ዶክተር፣ አባቴ እኮ ልጄ የሐኪም እጅ የለውም ብሎ አምኖ ነው የሞተው። አሁን ይሄን ወረቀት መቃብሩ ላይ ላንብብለት?» አላቸው። ዶክተር ኦርፋ «ሎዌል እኔን እንዳደረገኝ አደረግኩህ፤ እኔም ያመነኝን ነው የከዳሁት» አሉት። በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። በሌላ ክፍለ ሀገር ለሚገኝ ኮሌጅ መስክረውለት ትምህርቱን ቀጠለ፤ እ.ኤ.አ. በ1996 ሐኪም ሆነ። ከአሥራ አንዱ ወደ ሕክምና የተመለሱት እሱና አንዲት ሴት ብቻ ናቸው።

አቶ መርል እ.ኤ.አ. በ2003 አረፉ። ዶክተር ኦርፋ ከ2011 ጀምሮ በልብ ድካም ታመሙ፤ ዶክተር ሳፒንግተን እስከ መጨረሻው አከማቸው። ባለፈው የካቲት ዶክተር ክሪንግ አበባ ይዞ መጣ፤ አልጋቸው አጠገብ ተቀምጦ አለቀሰ። «እናቴ ነበሩ፤ ይቅር ይበሉኝ» አላቸው። ዶክተር ኦርፋ እጁን ያዙት። «የኔን ይቅር ብዬሃለሁ፣ ልጄ። የአሥራ አንዱን ግን እኔ ይቅር ልል አልችልም፤ የኔ አይደለማ። ሄደህ ስማቸውን እየጠራህ ተናገር» አሉት። እሺ ብሎ ወጣ። እስከ ዛሬ አልተናገረም። ይህ ታሪክ ሳይቆረጥ እንዲነበብ ያዘዙት ራሳቸው ናቸው።

ዶክተር ኦርፋ እ.ኤ.አ. ግንቦት 6 ቀን 2014 በ78 ዓመታቸው በቤታቸው አረፉ። ልጆቻቸው ናዲንና ከርቲስ፣ አራት የልጅ ልጆች፣ እህታቸው ወይዘሮ ኤልቫ፣ እንዲሁም በቤተሰቡ መካከል እንዲቀመጥ የጠየቁት ዶክተር ዌንዴል ሳፒንግተን በሐዘን ተለይተዋቸዋል።

እግዚአብሔር የደከመች ነፍሳቸውን በምሕረቱ ይቀበል፤ ለቤተሰቡ መጽናናትን፣ እያወቅን ዝም ላልነውም አንደበት ይስጠን። አሜን።