ከማቀዝቀዣ የወጣው እፉኝትና ደፋሩ ሰብሳቢ

ይህን ብዕር የያዘው እጅ በቀብሪበያ መናኸሪያ በር ማመልከቻ የሚጽፈው ሰው፣ የቀናው ነው። ቃሉ የእኔ የሚሬ ኑር ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ስለዚህ የሚያምር ቃል ካገኙ የቀናው ነው፣ የሚጎረብጥ ካገኙ የእኔ ነው፤ አደራ እንዳይቀላቅሉብን።

ለክቡር አቶ ዐያንሌ
የ«ደፋር ምድር» ዐውደ ርእይ አዘጋጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ካሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ በተለይም ለአሥሩም ጣቶችዎ ደኅንነት አላህን እለምናለሁ። በዕድሜ ልጄ ቢሆኑም በወንበር ይበልጡኛልና ቆሜ ነው የማናግርዎ፤ ጉልበቴን ሲያመኝ ግን እቀመጣለሁ። ነገሩን በሶማሊኛ ሁለት ጊዜ ነግሬዎት ስላልሰሙኝ ዛሬ በአማርኛ አስጽፌዋለሁ። ከአዲስ አበባ የጠሯቸው እንግዶችም ቢያነቡት አልጠላም።

እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት የእህል መጋዘን ጠባቂ ነበርኩ። አይጥ ባለበት እባብ አይጠፋም። በባላ እንጨት አንገቱን ተጭኜ፣ ማዳበሪያ ውስጥ ከትቼ፣ ከከተማ ውጭ ካለው ቦረቦር እለቀዋለሁ። እርሱም የመጣው እራቱን ፍለጋ እንጂ እኔን ፍለጋ አይደለም። በእጄ ግን አንድም ቀን ነክቼ አላውቅም። እባብ በእጃቸው የሚይዙ ሁለት ጓደኞች ነበሩኝ፤ ነበሩኝ ነው ያልኩት።

አሁን ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ አምና በመጋቢት ለፎቶ የሚሆን እፉኝት አምጣ ብለው ከከተማው ሰው ሁሉ መርጠው ስላዘዙኝ አመሰግናለሁ። ክዳኑን በስቼ በጄሪካን አመጣሁልዎ። ክቡርነትዎም ጄሪካኑን ከማለዳ እስከ ዐሥር ሰዓት መናኸሪያው ፊት ለፊት በኩልሚዬ ሱቅ፣ ለስላሳ ከሚቀዘቅዝበት ማቀዝቀዣ ውስጥ አዋሉት። ሲወጣ እፉኝቱ በብርድ ደንዝዞ እንደ አሮጌ ጠፍር ደርቆ ነበር። ያኔ አንገቱን ያዙት፣ ፈገግ አሉ፣ ፎቶ ተነሡ። ኩልሚዬ ደንበኛ እንዳይሸሻት አፏን ይዛ ኖረች፤ ትናንት ግን ተናገር ብላኛለች። ማቀዝቀዣውን ሦስት ጊዜ በበረኪና አጥባዋለችና ሕዝቡ ሳይፈራ ይጠጣ።

ሁለተኛ፣ ያን ፎቶ የቤት ጣሪያ የሚያህል ባነር አሠርተው መናኸሪያው ላይ ስለሰቀሉልን አመሰግናለሁ። ቀናው እንዳነበበልኝ «እኛ የማንፈራ ነን» ይላል። ማቀዝቀዣው ግን በፎቶው ውስጥ የለም። እኔም የለሁም፣ ባላ እንጨቴም የለም። የሚታየው እርስዎና እፉኝቱ ብቻ ናችሁ፤ ያም ሆኖ ከሁለታችሁ አፍሮ ዓይኑን የሰበረው እፉኝቱ ነው።

ሦስተኛው ምስጋና አይደለም፤ ቀናው ምስጋና ብለህ ጨርስ ቢለኝም እንቢ ብያለሁ። ልብስ ሰፊው አብዲራህማን የአውበሬ ከተማ ልጅ የሆነችውን ሆዳንን አጭቶ ነበር። ባነሩን ሲያይ ሰነበተ። ዝናብ በጣለ ማግሥት ከአንድ ካብ ሥር እፉኝት አገኘ፤ ስልኩን ለጎረቤቱ ሰጠና፣ ፎቶውን ለእጮኛው ቤተሰብ ሊልክ፣ ልክ እርስዎ በያዙበት አያያዝ ያዘው። ፈገግም ብሎ ነበር አሉ። የእርሱ እፉኝት ግን ፀሐይ ሲሞቅ የዋለ ነበር። የጅግጅጋ ሐኪሞች ነፍሱን አተረፉለት፤ የቀኝ እጁን አውራ ጣትና ሌባ ጣት ማትረፍ አልቻሉም። ልብስ ሰፊ በምን መቀስ እንደሚይዝ ክቡርነትዎ ያውቁ እንደሆን ይንገሩን። አማሮች «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይላሉ ሲባል እሰማለሁ፤ አብዲራህማን የራሱን የልብስ ሜትር ተጠቅልሎ ሲያይ ይበረግጋል።

ባነሩን ያውርዱ ብዬ ቢሮዎ ድረስ ስመጣ፣ ሻይ ጋብዘው፣ ፎቶው ማንንም እባብ ያዝ አላለም፣ አላዋቂነት የራሱ ነው አሉኝ። እውነት ነው፣ ፎቶው ምንም አላለም። ያ ዝም ማለቱ ነው የነከሰው። አላዋቂውስ ከየት ይወቅ? የምናውቀው አራት ሰዎች ነበርን፦ እርስዎ፣ ፎቶ አንሺው፣ ኩልሚዬና እኔ። ከአራታችን አንዳችንም አልተናገርንም። እፉኝቱን ያመጣሁት እኔ ነኝና የመጀመሪያው ጥፋት የእኔ ነው፤ ለአብዲራህማን እናት ሄጄ ነግሬያታለሁ። እርስዎ የእርስዎን ድርሻ መቼ እንደሚወስዱ ቢያሳውቁን ቀጠሮ እንይዛለን።

አራተኛ፣ ባለፈው ሳምንት የላኩልኝ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ደርሶኛል። ቅዳሜ ጅግጅጋ በሚከፈተው ዐውደ ርእይ እንግዶች በእጃቸው ይዘው ፎቶ እንዲነሡ ሦስት እፉኝት ይዘህ ቅረብ፣ የምስክር ወረቀት ይሰጥሃል ይላል። ለክብሩ አመሰግናለሁ። አላመጣም። አንድም አላመጣም። ከኔ በባላ መያዝን ለተማሩ ሁለት እባብ ያዦች ነግሬያለሁ፤ እነርሱም አያመጡም። ፈራህ ካሉኝ፣ አዎን ፈርቻለሁ፤ ሰባ ዓመት ያደረሰኝ ፍርሃቴ ነው። ድፍረት የሚያሳዩ ከሆነ ባነሩን አውርደው፣ እፉኝቱ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነበር ብለው በዚያው ቦታ ያስጽፉበት፤ እስከ ዛሬ ካሳዩን ድፍረት ሁሉ ይበልጣል።

እንግዶችዎ ባዶ ሜዳ እንዳይጠብቃቸው ግን ቅዳሜ እመጣለሁ። አብዲራህማንም ይመጣል። በሩ ላይ እንቆማለን፤ ከእባብ ጋር ፎቶ መነሣት የሚፈልግ ሁሉ መጀመሪያ የአብዲራህማንን ቀኝ እጅ ይጨብጥ። ከዚያ በኋላ ፎቶ የሚፈልግ ካለ ደስታው የእርሱ ነው።

በእጅግ ከፍ ያለ አክብሮት፣ ወንበርዎ እንዲረጋልዎ፣ ባነርዎ ግን እንዳይረጋልዎ እየለመንኩ፣
ሚሬ ኑር፣ በቀኝ እጄ አውራ ጣት ፈርሜያለሁ።
ምስክር አብዲራህማን፣ በግራው።
ቀብሪበያ፣ ሚያዝያ 2006 ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ የምስክር ወረቀቱ ተጽፎ ካለቀ እንዳይባክን፣ ለኩልሚዬ ማቀዝቀዣ ይስጡልኝ። በዚያ ፎቶ ላይ ሥራውን የሠራው እርሱ ነው።

በቃ ቀናው፣ አሁን አንብብልኝ። ወደ ሰዎቹ ዙርና ጮክ በል፤ የጅግጅጋ ሚኒባስ የሚጠብቁት ሁሉ ባነሩን እያዩ ነው።