ሙጫ ቀሚሴን ለቅቃ ትምህርት ቤት እንድትገባ

እኔ ተናዛዥዋ ጉልበቴ ከድቶኝ አልጋ ላይ ብውልም ልቦናዬ ከእኔው ጋር ነው። ቀኑ ማክሰኞ ነው፤ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ያስገደደኝ የለም፤ እኔን የሚያስገድድ ሰው በዚህ ቤት አልተወለደም። ራፖር ጸሐፊው የምለውን ሁሉ ሳያሳምር ይጽፋል። ልብስ ሰፊው ጎረቤቴ፣ መርፌ የምትወጋኝ ነርስና የማዶው ባለሱቅ ይሰማሉ። ከንብረቴ አንድም ነገር ስለማይደርሳቸው ምስክርነታቸው ንጹሕ ነው።

አንደኛ፤ ቤቴን ትልቋ ልጄና ወንዱ ልጄ እኩል ይካፈሉት። የፊተኛዋ ክፍል ግን የልጅ ልጄ ድርሻ ናት፤ አትሸጥም፣ አትከራይም። በዚያች ክፍል ዕድሜዬን ሙሉ የሰፈሩን ሕፃናት ለአንደኛ ክፍል አዘጋጅቻለሁ። ወላጆች ፊደል አስቆጥሪልን እያሉ ያመጡልኛል፤ እኔ አስቀድሜ አዝራር መቆለፍን፣ አፍንጫ መጥረግን፣ ሽንት ሲመጣ እጅ አውጥቶ መናገርን አስተምራለሁ። ከሁሉ በላይ መለየትን አስተምራለሁ። እናት ተደብቃ እንድትሾልክ አልፈቅድም። ልጇ እያየቻት «ሄጃለሁ፣ እመለሳለሁ» ብላ እስከ በር ሄዳ ትመለሳለች፤ በማግስቱ እስከ ሱቁ። የሄደ ሰው እንደሚመለስ ያመነ ልጅ ለትምህርት ደርሷል፤ ፊደሉ የትም አይሄድም።

የልጅ ልጄን ሰፈሩ ሙጫ ይላታል። ያወጣላት ልብስ ሰፊው ነው፤ «እትዬ፣ ይቺን ልጅ ከቀሚስዎ ጋር አብሬ ልስፋት እንዴ?» እያለ። እሱ ይስቃል፤ እኔ አልስቅም። እናቷ፣ ትንሿ ልጄ፣ ሆስፒታል የገባች ዕለት «ሄጃለሁ፣ እመለሳለሁ» ብላት ወጣች። በልጅነቷ እኔው ያስተማርኳት ቃል ነው። አልተመለሰችም።

ትልቋ ልጄ፣ «እናትሽ መንገድ ሄዳለች፣ ነገ ትመጣለች» ያልሻት አንጀትሽ አልችል ብሎ እንደሆነ አውቃለሁ። ልጅቷ ግን ያን ሰሞን ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ከረመች። «እማማ፣ ነገ መቼ ነው የሚመጣው?» ብላ የጠየቀችው እኔን ነው፤ አንቺ ቤትሽ ነበርሽ። እውነቱን የነገርኳት እኔ ነኝ፤ ከዚያ ወዲህ የቀሚሴን ጫፍ አልለቀቀችም። ተቀይሜሽ ነበር፤ ይቅር ብዬሻለሁ። እንዲጻፍ የፈለግሁት እንዳይደገም ነው። ልጅቷን የምታሳድጊያት አንቺ ነሽና።

ስሞት «ተኛች» እንዳትሏት፤ እንቅልፍ ትፈራለች። «መንገድ ሄደች» እንዳትሏት። «ሞታለች፣ አትመለስም፤ እኛ ግን እንመለሳለን» በሏት። ታልቅስ።

ሁለተኛ፤ ትምህርት ቤት የሚያደርሳት ወንዱ ልጄ ነው። ትልቋ ከልጅቷ ቀድማ ታለቅሳለች፤ እሱ ሾፌር ነው፣ ሰው አድርሶ መመለስ ሥራው ነው። ልጄ፣ በሩ ላይ እጇን ትለቃለህ፤ አትሸሽም፣ አትደበቅም። «ስትወጪ እዚህ ነኝ» ካልካት ጎማህ ቢፈነዳ እንኳ በእግርህ ሮጠህ ተገኝ። አንተ ቃል ላይ ቀልደኛ ነህ፤ በዚህ አትቀልድ።

ሦስተኛ፤ ሰማያዊ ቀሚሴ ከእኔ ጋር አይቀበርም። ልብስ ሰፊው ጫፉን ቆርጦ የዩኒፎርሟን ኪስ ውስጡን በእሱ ይሥራው። ክፍል ውስጥ ሆድ ሲብሳት እጇን ትከታለች፤ ማንም አያይባትም። ዋጋውን ወንዱ ልጄ ይክፈል።

«እትዬ፣ ለዚህማ ገንዘብ አልቀበልም» አለኝ አሁን ልብስ ሰፊው። ትቀበላለህ፤ ምስክር ነህ፣ በመካከላችን ውለታ አይግባ። ጸሐፊው፣ ይህንንም ጻፈው።

የቀረኝ አንድ ነገር ነው። ይህን ሁሉ ስናገር ሙጫ አልጋዬ ሥር ተቀምጣ ቀሚሴን ጨብጣለች። እንዲህ አልኳት፤ «እስከ ዛሬ ሰው ሲሄድ የምትጠብቂው አንቺ ነበርሽ። ዛሬ ተራው ያንቺ ነው። እስከ ሱቁ ሄደሽ ነይ፤ እኔ እጠብቃለሁ።»

«ስመለስ ትኖሪያለሽ?»

«ዛሬ እኖራለሁ።»

«ነገስ?»

«ነገን አላውቅም። ያላወቅሁትን ነግሬሽ አላውቅም።»

ነርሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ጸሐፊው ብዕሩን አቆመ። ምን ሆነህ ነው? ጻፍ እንጂ!

ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቀች። ቀሚሴ እሷ የጨበጠችው ላይ እንደተጨማደደ ቀረ። ወጣች። ከግቢው በር «እማማ፣ አለሽ?» ብላ ተጣራች።

«አለሁ» አልኳት።

በሩ ሲከፈት ሰማን። ቆይቶ ከሩቅ፣ ከመንገዱ ማዶ፣ «እማማ! አለሽ?» የሚል መጣ። ልመልስላት አፌን ከፈትኩ፤ ድምፄ ከዚህ ክፍል አልወጣም። ደገመች። ልብስ ሰፊው ተነሣ፣ ባለሱቁ ተነሣ፣ ነርሷም እንባዋን ሳትጠርግ ተነሣች። ሦስቱም በመስኮቱ አንገታቸውን አውጥተው «አለች!» ብለው ጮኹላት።

ተመልሳ መጥታለች። ቀሚሴን አልያዘችም፤ በሩ አጠገብ ቆማ ታየኛለች።

ይህ ቃሌ ተነቦልኝ፣ የእኔ መሆኑን አረጋግጬ በእጄ ፈርሜበታለሁ።

ተናዛዥ፤ የሕፃናት አስተማሪዋ።

ምስክሮች፤ ልብስ ሰፊው፣ ነርሷ፣ የማዶው ባለሱቅ። ስትናገር ሰምተናል፤ ሲነበብላትም ነበርን። በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ እንዳለች መስክረናል።