አንድ ምላጭ ለአንድ አገጭ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ ባዩሚ፣ ኩዌት። ሰላምታዬ ከግብፅ፣ ከአባይ ዳር ተነስቶ በርህ ድረስ ይምጣልህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ አባባም የምናልባት ጎሻችንም ደህና ናቸው።

ፀጉር ቤቴን ብታየው ጉድ ትላለህ። ከመንደራችን እስከ ጣንጣ ከተማ እንደኔ የሚላጭ የለም። አሁን ደግሞ ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ ምላጭ ነው የማወጣው። ሊላጭ የመጣው ሐጅ ዘህራን «አንተ ሸሓታ፣ አንድ ምላጭ ለመንደሩ ይበቃል ስትል አልነበር እንዴ? ሚኒስትር ሆንክ?» ብሎ ሳቀብኝ። «ዘመኑ ነው ሐጅ» አልኩት።

የጉበት ቫይረስ ሲ መርማሪዎች መጥተው የሰፈሩን ሰው ሁሉ ጣቱን ወጉት። ድሮ ለቢልሃርዚያ በአንድ መርፌ እየተቀባበሉ የተወጉት ሽማግሌዎች፣ ብዙዎቹ ቫይረሱ አለባቸው። ዶክተሯ «በአገሩ ሞልቷል፣ አያሳፍርም፣ በኪኒን ይድናል» አለች። አባባ ነፃ ነው። እኔን ከተማ ድረስ ለሁለተኛ የደም ምርመራ ጠርተውኛል፤ በሬ ነው የማክለው፣ አታስብ።

ያለፈው ኢድ ዋዜማ ትዝ ይልሃል? እንደ ልማዴ ምላጩን መጀመሪያ በራሴ ጉንጭ ሞከርኩት፣ ከዚያ አንተን ላጨሁህ። አገጭህ ስር ስቆርጥህ «አንተ አህያ» አልከኝ። ቁስሉ ዳነ ወይ? እዚያ ሀኪም ቤት ሞልቷል አሉ፤ ስራ ስትፈታ ጎራ ብለህ ደምህን አሳይ፣ ለምንም አይደለም። መልሱን ግን ቶሎ ጻፍልኝ።

ለኢድ ጢምህን አሳድገህ ና። የምላጭልህ እኔው ነኝ፤ ምላጩን ግን አንተው ይዘህ ና፣ በገዛ እጅህ ትከፍተዋለህ። አላህ ሁላችንንም በጤና ያገናኘን።

ታናሽህ ሸሓታ